የፒካፕ የኋላ ስፖንዳ ገመድ፦ አፈታተሹና አቀያየሩ

የፒካፕ የኋላ ስፖንዳ፣ ማለትም የጭነት ቦታውን ከኋላ የሚዘጋው በር፣ ሲከፈት ወርዶ ፓራውልቱን (የኋላ መከላከያውን) እንዳይመታ፣ ከካሶኒው (ከጭነት ቦታው) ወለል ጋር እኩል ሆኖ እንዲቆም የሚይዙት ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቀጫጭን የብረት ገመዶች ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ካቦ ይባላሉ። የሞተር ዘይት በጊዜው ይቀየራል፣ ጎማ ይነፋል፣ ፍሬን ይታያል፤ እነዚህን ገመዶች ግን እስኪበጠሱ ድረስ ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው የለም።

እኔም አላየኋቸውም ነበር። አንድ ቀን ከእህል በረንዳ ጤፍ ጭኜ ሄጄ ደንበኛዬ በር ላይ ስናራግፍ፣ ኩንታል የተሸከመው አውራጅ የስፖንዳውን ቀኝ ጥግ ረግጦ ሊወርድ ሲል ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ስፖንዳው ተንጋደደ። ሰውየው ኩንታሉን ወደ ጎን ወርውሮ በአንድ እግሩ መሬት ደረሰ፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ሁለት ሳምንት ቤቱ ተቀመጠ። ማታ የተበጠሰውን ገመድ ይዤ ጥቁር ፕላስቲክ ሽፋኑን በምላጭ ስተረትረው ከውስጡ ቀይ የዝገት ዱቄት ፈሰሰ። ያው ሽፋን ጠዋት ላይ ቢታይ ኖሮ ማንም ሰው “ደህና ነው” ይል ነበር፤ አልተሰነጠቀም፣ አልተላጠም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የወዳጆቼንም ገመዶች ስቀይር ያየሁትን ነው የምጽፈው። የሚናገረው ስለ ገመድ ነው፤ አንዳንድ የቆዩ ፒካፖች በገመድ ፈንታ ሰንሰለት ወይም የሚታጠፍ የብረት ክንድ አላቸው፤ ስለ ሰንሰለቱ መጨረሻ አካባቢ እመለስበታለሁ።

ገመዱ የሚሸከመው ከሚመስለን በላይ ነው

ስፖንዳው ላይ የቆመ ሰው ክብደት በቀጥታ ገመዱ ላይ የሚያርፍ ይመስለናል። ገመዱ ግን ሰያፍ ስለሆነ፣ ክብደቱም ከማጠፊያው ርቆ ስለሚያርፍ፣ ገመዱን የሚስበው ኃይል ከክብደቱ ይበልጣል። አንድ ስፖንዳ በምሳሌ እንውሰድ። ገመዱ ስፖንዳው ላይ ከማጠፊያው 35 ሴንቲ ሜትር ርቆ ተያይዟል፤ ካሶኒው ላይ ደግሞ ከማጠፊያው 35 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ታስሯል። ስፖንዳው ራሱ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 20 ኪሎ ክብደት አለው። አሁን 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ኪሎ ኩንታል ተሸክሞ ከማጠፊያው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁም። ሁለቱ ገመዶች በድምሩ 290 ኪሎ ያህል ይሳባሉ። መሃል ላይ ከቆመ ለሁለት ይካፈሉታል። ጥግ ላይ ከቆመ ግን አብዛኛውን አንዱ ገመድ ብቻውን ይይዘዋል። ይህም ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆም ነው፤ ዘሎ ሲያርፍ ወይም ኩንታሉ ከትከሻ ወርዶ ስፖንዳው ላይ ዱብ ሲል ኃይሉ እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ደህና ገመድ ይህን ይችለዋል። ግማሹ ሽቦ የተበላ ገመድ ግን ባዶ ስፖንዳ ሲከፈትበት ምንም አይሆንም፤ በዓመት አንዴ በሚመጣው ከባድ ጭነት ነው የሚበጠሰው። ያን ጊዜ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ላዩ ላይ አለ፤ ካልሆነም ከሥሩ አለ።

ከውስጥ የሚበላው ለምንድን ነው

ስፖንዳው ሲዘጋ ገመዱ ይላላና በስፖንዳውና በካሶኒው ጎን መካከል ባለው ክፍተት እንደ ሐብል ታጥፎ ይንጠለጠላል። ዝናብ፣ ጭቃና አቧራ የሚሰበሰቡት በዚያው ክፍተት ነው። ውሃው ገመዱን ተከትሎ ወደ ፕላስቲክ ሽፋኑ ይገባና እጥፋቱ ታች ላይ ይጠራቀማል። ፀሐይ አያገኘውም፣ ንፋስም አይደርሰውም። ሽፋኑ ሽቦው እጅና ልብስ እንዳይቧጭር፣ ቀለምም እንዳይፍቅ የተሠራ ቢሆንም ውሃ ማቆሪያም ይሆናል።

ይህ የአንድ መኪና ዕድል አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ በአሜሪካ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን፣ ሼቭሮሌ ሲልቨራዶንና ጂኤምሲ ሲየራን ጨምሮ፣ በዚሁ ገመድ ምክንያት ለጥገና ጠርቷል። ዚንክ የተቀቡት የብረት ገመዶች ዝገው እየደከሙ ይበጠሱ ነበር፤ በማይዝግ ብረት በተሠሩ ገመዶች እንዲቀየሩ ተደረገ። ዚንኩ እስካለ ድረስ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ይከላከላል። ሲያልቅ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ይቀራሉ፤ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ለዝገት አንድ ጉርሻ ነው።

አሜሪካ በረዶ በሚጥልባቸው ግዛቶች፣ ሚኒሶታም ሆነ ኮሎራዶ፣ የምትነዱ ወገኖች መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የገመዱን ዝገት እንደሚያፈጥን እወቁ። አገር ቤት ደግሞ ጨው ባይበተንም ሥራው አለ። ማዳበሪያ የሚጭን፣ የጨው ከረጢት የሚያመላልስ፣ ለበዓል በግ የሚያመጣ ፒካፕ ገመዱ ቶሎ ይበላል። የበግ ሽንት ከካሶኒው ወለል ወደ ኋላ ፈሶ በማጠፊያው በኩል ነው የሚወርደው። ለፋሲካ በግ ያመላለሰ መኪና በማግስቱ የስፖንዳው ክፍተት በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ወለሉን ብቻ ጠርጎ መተው አይበቃም።

አፈታተሽ

በዓመት ሁለቴ ማየት ይበቃል፤ አንዱ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ይሁን። ከባድ ጭነት የሚያመላልስ በየ3 ወሩ ይይ።

መጀመሪያ ስፖንዳውን ከፍተው ሦስት ርምጃ ወደ ኋላ ይራቁና ከመኪናው መሃል ይመልከቱት። አንዱ ጥግ ከሌላው ዝቅ ብሏል? ዝቅ ባለው በኩል ያለው ገመድ ረዝሟል ማለት ነው፤ ወይም የማጠፊያው ቡሽ (ማጠፊያው የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል። ሁለቱን ለመለየት ስፖንዳውን በማጠፊያው በኩል ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት፤ የሚንቋቋ ከሆነ ችግሩ ቡሹ ላይ ነው።

ቀጥሎ ገመዶቹን እንደ ክራር ክር በጣት መታ መታ ያድርጓቸው። እኩል የተወጠሩ ገመዶች ተቀራራቢ ድምፅ ይሰጣሉ። አንዱ ሲርገበገብ ሌላው ዝም ካለ ጭነቱን የሚሸከመው አንዱ ብቻ ነው።

ከዚያ ጨርቅ ይያዙ። ሽፋን የሌለውን የገመድ ክፍል በባዶ እጅ አይዳስሱ፤ የተበጠሰ ሽቦ እንደ መርፌ ይወጋል። የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ከላይ እስከ ታች ሲስቡት የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። ሽፋን ያለውን ክፍል ደግሞ ስፖንዳውን ትንሽ ከፍ አድርገው ገመዱ ሲላላ፣ በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ያጥፉት። ጤነኛ ገመድ ያለ ድምፅ ይታጠፍና ተመልሶ ይቃናል። የዛገ ገመድ ይደርቃል፣ ሲታጠፍም የተቆላ ሽምብራ እንደሚያኝኩ ይንኮሻኮሻል። ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ አብጦ ከሆነም ያው ነው፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ወስደው ሊያዩት የሚገባው አንገቱን ነው። ገመዱ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት አለው፤ ጆሮ እንበለው። ጆሮው ገመዱን ነክሶ የያዘበት ቦታ አንገት ነው። ስፖንዳው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዱ የሚታጠፈው ከአንገቱ ሥር ነው፤ ውሃውም የሚያርፈው እዚያው ነው። እኔ ካየኋቸው የተበጠሱ ገመዶች አብዛኞቹ ከአንገት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው የሄዱት። የእጅ ባትሪ አብርተው ይመልከቱ፦ ቀይ የዝገት እንባ የወረደበት፣ አንድም ብትሆን ወጣ ያለች ሽቦ፣ ከጆሮው ተንሸራቶ የወጣ ገመድ፣ የጆሮው ቀዳዳ ሞላላ መሆን። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ገመዱን ይቀይሩ። “አንድ ሽቦ ብቻ ነው የተበጠሰው” የሚለውን አልቀበልም፤ የሚታየው አንድ ከሆነ በሽፋኑ ሥር የማይታየው ይበዛል።

ሲገዙ

ሁልጊዜ ሁለቱንም ይግዙ። አሮጌ ገመድ በመጠኑ ይረዝማል። አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን ሲገጠሙ አጭሩ፣ ማለትም አዲሱ፣ ጭነቱን ሁሉ ይወስዳል፤ ስፖንዳውም ይጣመማል። የተጣመመ ስፖንዳ በመቀርቀሪያው በኩል አልገጥም ይላል፤ እየመቱ መዝጋት ይጀመራል፤ ከዚያ ላሜራው ይሄዳል።

ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ። ለጊዜው ስፖንዳውን ዘግተው መንዳት ይችላሉ፤ ገመዱ ሥራው ሲከፈት ነው። ያልተፈታ ከሆነ ደግሞ ከጆሮ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው ጆሮ ቀዳዳ መሃል ገመዱ ተወጥሮ እያለ ይለኩ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ይያዙ። የመኪናው ሞዴል ስምና ዓመት ብቻ አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፒካፖች የተለያየ ገመድ ሊኖራቸው ይችላል። በአንዳንዶቹ ግራና ቀኙም ይለያያል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ገመድ ይገኛል። ሌላ ሌላ ዕቃ ከዚያ ገዝቼ አውቃለሁ፤ ያገለገለ የስፖንዳ ገመድ ግን አልገዛም፣ ማንንም ግዛ አልልም። ውስጡን ማየት አይቻልማ! የማን መኪና ላይ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ሽፋኑ አይናገርም። ያገለገለ በር ወይም መብራት ሲገዙ የሚያዩት ነገር አለ፤ እዚህ ግን የሚገዙት ሽፋኑን ነው።

አዲሱን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩት። ርዝመቱ እኩል ይሁን። የጆሮው ብረት ውፍረት ከአሮጌው አይነስ። አንገቱ ገመዱን ዙሪያውን አጥብቆ የነከሰ ይሁን፤ በአንድ በኩል ብቻ ተጨፍልቆ ከሆነ አይውሰዱት። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ካገኙ ዋጋው ቢጨምርም እሱን ይምረጡ። ሻጮች ማግኔት አስጠግተው “አይስብም፣ ስለዚህ የማይዝግ ነው” ይላሉ። ማግኔቱ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የማይዝግ ብረትም ወደ ቀጭን ሽቦ ሲሳብ በመጠኑ ማግኔት መሳብ ይጀምራል። በኃይል ጥብቅ ብሎ ከተጣበቀ ግን ተራ ብረት ሳይሆን አይቀርም።

ከገመዱ ጋር ብሎኖቹንም ይጠይቁ። የዚህ ብሎን አንገቱ ላይ ለስላሳና ወፈር ያለ ክፍል አለው፤ ጆሮው በዚያ ላይ እንደ ልብ እንዲዞር ነው። በተራ ብሎን ተክቶ አጥብቆ ማሰር የብዙ ሰው ስህተት ነው። ጆሮው ካልዞረ ገመዱ ስፖንዳው በተከፈተ ቁጥር አንገቱ ላይ ይሰበራል፤ አዲስ ገመድ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። የግድ ሌላ ብሎን መጠቀም ካለብዎ ራሱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን፤ ጆሮውም ከተጠበቀ በኋላ በእጅ የሚዞር መሆኑን ያረጋግጡ።

የሚያስፈልገው

ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ፣ ግሪስ፣ ጓንትና መነጽር። ለብሎኑ የጃፓን ፒካፖች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 6 ጎን ራስ አላቸው፤ 10፣ 12፣ 13 እና 14 ቁጥር ቡሶላ (የብሎን ራስ ላይ የሚገባ መፍቻ) ይኑርዎ። የአሜሪካ ፒካፖች ብዙውን ጊዜ ቶርክስ፣ ማለትም እንደ ኮከብ የተቦረቦረ ራስ አላቸው። ለቶርክሱ ትክክለኛውን ቁጥር ሳይሞክሩ አያዙሩ። ቁጥሩ ያነሰ ቶርክስ ገብቶ የሚይዝ ይመስላል፤ ሲያጠብቁት ኮከቡን ይልጠዋል፤ ከዚያ የ10 ደቂቃ ሥራ የግማሽ ቀን ይሆናል።

በተጨማሪ ስፖንዳውን ከሥር የሚደግፍ ነገር ያስፈልጋል። የ200 ሊትር በርሜል ቁመቱ 88 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለብዙ ፒካፖች ይቀርባል፤ የጎደለውን በጣውላ መሙላት ነው። ጠረጴዛም ይሆናል። ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ ያንጥፉ። ሰው ይይዝልኛል ማለት አይበቃም፤ ሰውየው ይደክመዋል፣ ስልክ ይደወልለታል።

አቀያየር

1. መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ካሶኒውን ባዶ ያድርጉ። ስፖንዳው ላይ ካሜራ ወይም የኤሌክትሪክ ቁልፍ ካለ የሽቦውን መንገድ ይዩና እንዳይሳብ ልብ ይበሉ።

2. ስፖንዳውን ከፍተው ድጋፉን ከሥር ያስገቡ። ድጋፉ ስፖንዳውን ከተለመደው ቦታው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዘው፤ ገመዶቹ እንዲላሉ ነው። ይህን ደረጃ አይዝለሉ። በብዙ ፒካፖች ስፖንዳው ገመዶቹ ተፈተው በግማሽ ሲያዘነብል ከአንደኛው ማጠፊያ ተንሸራቶ እንዲወጣ ሆኖ ነው የተሠራው። ለማንሳት ሲፈልጉ ጥሩ ነገር ነው፤ ሳያስቡት ሲወጣ ግን እግር ላይ ነው የሚያርፈው።

3. በስልክዎ የሁለቱንም ገመዶች ሁለቱንም ጫፎች ፎቶ ያንሱ። ጆሮው ወደየት እንደዞረ፣ ሮንዴላው (የብሎኑ ቀለበት) ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ገመዱ በየትኛው ጎን እንደሚወርድ በኋላ የሚያስታውሰው ፎቶው ነው።

4. ሁሉንም ብሎኖች በስፕሬዩ ያርሱና ቢያንስ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። በጣም የዛገ ከሆነ ማታ ረጭተው ጠዋት ይጀምሩ።

5. ከአንዱ ጎን ብቻ ይጀምሩ። ሌላኛው እንደታሰረ ይቆይ። በካሶኒው በኩል ያለው ጆሮ በብዙ መኪኖች እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ከአንድ ወገን ሰፊ፣ ከሌላው ጠባብ ነው፤ እንዳይወጣ የሚይዘው ቀጭን የሞላ (የስፕሪንግ) ምላስ አለው። ካቻቢቴውን ከምላሱ ሥር አስገብተው ቀስ ብለው ያንሱትና ጆሮውን ሰፊው ቀዳዳ ከብሎኑ ራስ ጋር እስኪገጥም ድረስ ይግፉት፤ ከዚያ ይሳቡት። ምላሱን ከሚገባው በላይ አያጥፉት። አዲሱ ገመድ የራሱ ምላስ ይኖረዋል፤ አዲሱን እስኪገጥሙ ድረስ ግን አሮጌውን አይጣሉት።

6. በስፖንዳው በኩል ያለውን ብሎን ይፍቱ። ቡሶላው ሙሉ በሙሉ ገብቶ፣ እጀታው ከብሎኑ ጋር ቀጥ ብሎ ይሁን። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት፤ እንዲህ እያመላለሱ ነው ዝገቱ የሚሰበረው።

ብሎኑ ካልፈታ

ብዙ ሰው የሚበሳጨው፣ ዕቃም የሚያበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ብሎኑ የሚገባበት ዳዶ ከላሜራው ጀርባ በብየዳ የተያዘ ነው። በረጅም ቧንቧ ጉልበት ጨምረው ቢያዞሩት ወይ ብሎኑ ይቆረጣል፣ ወይ ዳዶው ከብየዳው ተላቆ ከውስጥ አብሮ ይዞራል። የተላቀቀ ዳዶ ከቆረጡት ብሎን የባሰ ነው፤ እጅ የማይገባበት ቦታ ነውና።

ስለዚህ ጉልበት ከመጨመር በፊት ምት ይሞክሩ። የብሎኑን ራስ በመዶሻ ደጋግመው ቀጥ አድርገው ይምቱት፤ መካከለኛ ምት ይበቃል። ምቱ በዝገቱ ውስጥ ስንጥቅ ይፈጥርና ዘይቱ ይገባል። እንደገና ይርጩ፣ ይጠብቁ፣ ይሞክሩ። ሦስት ጊዜ ብመላለስም ይሻለኛል። ቶርክስ ከሆነ ኮከቡ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ በሹል ነገር አውጥተው፣ ቢቱን በመዶሻ መትተው እስከ ታች ድረስ ያስገቡት።

እሳት ማቅረብን አልመክርም። የነዳጅ መሙያው ብዙ ጊዜ በካሶኒው ጎን ላይ ነው፤ የረጩት ዘይትም ራሱ ይነዳል፤ ቀለሙም ይቃጠላል። ያለ እሳት የማይፈታ ከሆነ ብየዳ የሚያውቅ ባለሙያ ጋር ይውሰዱት። ዳዶው ከውስጥ መዞር ከጀመረ ስፖንዳው ላይ በውስጥ በኩል ያለውን ክዳን ፈትተው ዳዶውን በፒንሳ መያዝ በአንዳንድ መኪኖች ይቻላል።

አዲሱን መግጠም

ብሎኑ ከወጣ በኋላ ጆሮው የተቀመጠበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። ላሜራው ዝጎ ከሆነ እስከ ንጹሕ ብረት ፍቀው ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡና ይድረቅ። የዳዶውን ጥርስ ብሎኑን በእጅ እያስገቡና እያወጡ ያጽዱ፤ በእጅ የማይገባ ብሎንን በቁልፍ አያስገድዱ።

ለስላሳው የብሎኑ አንገት ላይ ጥቂት ግሪስ ይቀቡ፤ ጥርሱ ላይ ግን መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ያድርጉ። በመንቀጥቀጥ እንዳይላላ ነው። ቀዩ በጣም ስለሚጠነክር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚቀጥለው ጊዜ ፈቺ እርስዎ መሆንዎን ያስቡ።

የስፖንዳውን በኩል አስቀድመው በእጅ ይግጠሙ፣ ቀጥሎ የካሶኒውን በኩል ያስገቡ። የሞላው ምላስ ሲቀመጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ባይሰሙ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርገው ያረጋግጡ። ከዚያ ብሎኑን ያጥብቁ። ጠበቅ ያለ ይሁን እንጂ በሙሉ ሰውነት የሚጫኑት አይደለም፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የማጥበቂያ ልክ ከሰጠ እሱን ይከተሉ። ገመዱ አለመጠምዘዙን ይዩ። ጆሮው ሲጠበቅ አብሮ ዞሮ ገመዱ ከተጠማዘዘ ሽቦዎቹ እኩል አይሸከሙም። አላልተው ያቅኑትና እንደገና ያጥብቁ።

አሁን ወደ ሌላኛው ጎን ይሂዱና እንደዚሁ ያድርጉ።

ከመጫን በፊት

ድጋፉን ያውጡና ስፖንዳውን በእጅ ይዘው ቀስ ብለው ያውርዱት። ሁለቱ ገመዶች እኩል መወጠር አለባቸው። የግንበኛ ውሃ ልክ ካለዎ መጀመሪያ ካሶኒው ወለል ላይ በወርዱ፣ ቀጥሎ ስፖንዳው ላይ አስቀምጠው አረፋው አንድ ቦታ መቆሙን ይመልከቱ።

ከዚያ ስፖንዳውን ቀስ ብለው ሲዘጉ ገመዶቹን ይከታተሉ። ወደ ውስጥ መታጠፍ አለባቸው። አንዱ በስፖንዳውና በካሶኒው ጠርዝ መካከል ተቆንጥጦ ከተዘጋ ሽፋኑ በመጀመሪያው ቀን ይቆረጣል፤ ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጆሮው ተገልብጦ መገጠሙ ነው። ፎቶውን ይመልከቱና ያስተካክሉት። አሥር ጊዜ ያህል ይክፈቱ፣ ይዝጉ።

በመጨረሻ ክብደት ይሞክሩ፤ በሰው ግን አይደለም። ግማሽ ኩንታል የሚመዝን የአሸዋ ወይም የሲሚንቶ ከረጢት መሃል ላይ፣ ከዚያ ግራ ጥግ፣ ከዚያ ቀኝ ጥግ ላይ ያስቀምጡ። ከሥሩ ማንም አይቁም። ከረጢቱ ሲወርድ ስፖንዳው ወደ ነበረበት ከፍታ ይመለስ። ካልተመለሰ አንድ ነገር ተንሸራቷል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ብሎኖቹን በቁልፍ ይንኳቸው።

እንክብካቤው

መኪናው ሲታጠብ ስፖንዳውን ከፍተው ክፍተቱን በውሃ ያጥቡ፤ ከዚያ ስፖንዳው ክፍት እንደሆነ ይድረቅ። ብዙ አጣቢዎች ዘግተው ነው የሚያጥቡት፤ ይንገሯቸው። የግፊት ውሃውን ግን በቀጥታ ወደ ሽፋኑ ጫፍ አያነጣጥሩ፤ ውሃውን ከነጭቃው ወደ ውስጥ ይነዳዋል።

ገመዱ ላይ ወፍራም ግሪስ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ልማድ ሆኗል። ዝገት ይከላከላል ተብሎ ነው፤ ነገር ግን አቧራና አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋው ደግሞ በሽቦዎቹ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፈጫቸዋል። ቀጭን የሲሊኮን ስፕሬይ ረጭቶ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ግሪሱ ለማጠፊያውና ለብሎኑ አንገት ይሁን።

የታጠፈውን የሽፋን ታችኛ ክፍል በትንሽ መርፌ ሁለት ቦታ ቢበሱት ውሃው መውጫ ያገኛል የሚሉ አሉ። እኔ አላደርገውም፤ የመውጫ ቀዳዳ ያው የመግቢያም ቀዳዳ ነው፣ መርፌው ሽቦውን ሊቧጭርም ይችላል።

አዲሱ እስኪመጣ

መለዋወጫው ቶሎ ካልተገኘ ስፖንዳውን ዘግቶ መሥራት፣ ወይም ጨርሶ አንስቶ ቤት ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ነው። የናይለን ገመድ አይሰሩበት፤ ይለጠጣል፣ በላሜራው ጠርዝ ላይም ይቆረጣል። ሰንሰለት የሚያስሩ ደግሞ ቀለበቶቹ በብየዳ የተዘጉ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ታጥፎ ብቻ የተዘጋ ቀለበት በጭነት ይከፈታል። በእርግጥ ሰንሰለት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ዝገቱን አይደብቅም። ማያያዣው ግን የኤስ ቅርጽ ያለው ክፍት መንጠቆ መሆን የለበትም፤ ስፖንዳው ሲነሳ ይወልቃል። ሁለቱም ወገን እኩል የቀለበት ብዛት ይኑረው። እንዲህ በጊዜያዊነት የታሰረ ስፖንዳ ላይ ሰው አይቁም፤ ጫኝና አውራጆቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በቃል ይነገራቸው። እነሱ መኪናውን አያውቁትም፤ የሚያምኑት ባለመኪናውን ነው።

የተፈቱትን አሮጌ ገመዶች በፒንሳ ወይም በሴጌቶ መሃላቸውን ቆርጠው ይጣሉ። ሙሉውን ከጣሉት ተወልውሎ ሌላ ሰው መኪና ላይ ይገባል።